ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ሳይኖር የዓመት ርዝመት እንዴት ተለካ?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አል-ባታኒ የተባለ ዐረብ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የዓመትን ርዝመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ብሎ እንደ ለካ አነበብኩ። ቴሌስኮፕም ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትም በሌለበት ዘመን ይህ እንዴት ይሆናል? የተሳሳተው ከ2 ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ብቻ ነው መባሉስ እውነት ነው ወይስ ማጋነን? እውነት ከሆነ ያን ያህል ረቂቅ መሣሪያ ከየት አመጣ? ከተማሪዎቼ ጋርስ ልንደግመው እንችላለን?»

ምላሽ፦

ያነበቡት ቁጥር ትክክል ነው፤ የስሕተቱም መጠን አልተጋነነም። ዛሬ የሚታወቀው አማካይ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ስለ ሆነ የአል-ባታኒ ዓመት የሚያጥረው በ2 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ግን ሳይነገሩ የገቡ ግምቶች አሉ፤ ሰከንዱ በሰዓት የተቆጠረ፣ ትክክለኛነቱ ከመሣሪያው ረቂቅነት የመጣ፣ የቀረው ስሕተትም የአል-ባታኒ የራሱ ድካም የሆነ ይመስላል። ሦስቱም ልክ አይደሉም፤ ከሁሉ በላይ ሊታረም የሚገባው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የመካከለኛው ዘመን እስላማዊ ሥነ ፈለክ የሰማይን ዝግ ያሉ እንቅስቃሴዎች እንዴት እንደ ለካ የሚገባን እዚያ ላይ ነው።

ከሰከንዱ እንጀምር። በዚያ ዘመን የሥነ ፈለክ ሰዎች ከባቢሎንና ከግሪክ በወረሱት ልማድ ቀንን ለ60፣ የተገኘውንም መልሰው ለ60 እየከፈሉ ያሰሉ ነበር። አል-ባታኒ የሰጠው ዓመት 365 ቀን፣ ከአንድ ቀን 14 ስድሳኛ፣ ከአንዱ ስድሳኛም ደግሞ 26 ስድሳኛ የሚል ነው። የመጨረሻዋ መደብ የቀን 3,600ኛ እጅ ናት፤ ይህችም 24 ሰከንድ ትሆናለች። ስለዚህ «46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ» የሚለው አነጋገር የእኛ ዘመን ልወጣ እንጂ የእሱ የሰዓት ንባብ አይደለም። የቁጥሩ የመጨረሻ ደረጃ በአንድ ብቻ ቢለወጥ ዓመቱ በ24 ሰከንድ ይለወጥ ነበር፤ ከዚያ ያነሰ ልዩነት ለይቻለሁ የሚል አሳብ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ታዋቂ መጽሔቶች ይህን ስለሚዘነጉ አንባቢው የአሸዋ ሰዓት ይዞ ሰከንድ የሚቆጥር ሰው በዓይነ ሕሊናው ይስላል።

የተለካው በእርግጥ ምንድን ነው? የተለካው የቀትር ፀሐይ ከፍታ ነው፤ ጊዜውም የተገኘው ከከፍታው ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም፣ የሰማይን ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ የሚታሰበውን መስመር፣ ታቋርጣለች፤ ይህም ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት የዕሪና ቅጽበት ነው። በዕሪና ሰሞን የፀሐይ የቀትር ከፍታ በየቀኑ በ24 የዲግሪ ደቂቃ ገደማ ይለወጣል፤ ይህም በሰዓት ሲታሰብ 1 የዲግሪ ደቂቃ ነው፤ የዲግሪ ደቂቃ የምለው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛውን ነው። ተመልካቹ ከዕሪና በፊት ባለው ቀትርና በኋላ ባለው ቀትር የፀሐይን ከፍታ ይለካል፤ የሰማይ ወገብ በእሱ አገር ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ያውቃል፤ ፀሐይ በዚያ ከፍታ ላይ የደረሰችበትን ጊዜ በሁለቱ ቀትሮች መካከል በተመጣጣኝ ስሌት ያወጣዋል። ዕሪናው በሌሊት ቢውልም ችግር የለም፤ ማየት የሚያስፈልገው ሁለቱን ቀትሮች ብቻ ነው። የወገቡን ከፍታ የሚያውቀውም ከሁለቱ የፀሐይ መመለሻዎች ነው፤ ፀሐይ በሰኔ ከሁሉ ከፍ ስትል የለካውንና በታኅሣሥ ከሁሉ ዝቅ ስትል የለካውን ደምሮ ለሁለት ቢከፍለው የወገቡ ከፍታ ይወጣለታል፤ ልዩነታቸውን ለሁለት ቢከፍለው ደግሞ የፀሐይ መንገድ በሰማይ ወገብ ላይ ያለው ዝንባሌ ይወጣለታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላክል። በመመለሻ ቀናት የፀሐይ ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ ከሩብ የዲግሪ ደቂቃ በታች ስለሚለወጥ የመመለሻን ሰዓት በትክክል ማወቅ ከባድ ነው፤ በአንጻሩ የመመለሻውን ከፍታ በትክክል ማወቅ ቀላል ነው። ስለዚህ ዕሪና ለጊዜ፣ መመለሻ ለዝንባሌ ያገለግላል። ይህን ድንበር ሳያዩ የተለኩ ነገሮች ምን እንደ ደረሰባቸው በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። መልካም የመዳብ መሣሪያ ያለው ጠንቃቃ ሰው የቀትርን ከፍታ በጥቂት የዲግሪ ደቂቃ ስሕተት ቢለካ የዕሪናው ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ይሳሳትበታል። ዘንድሮና ከርሞ የለካቸውን ሁለት ዕሪናዎች ቢያቀናንስ የዓመቱ ርዝመት በሰዓታት ይሳሳታል፤ ምንም አይጠቅምም። የአንድን ወረቀት ውፍረት በማስመሪያ መለካት አይቻልም፤ 500 ወረቀት ቆልሎ ለክቶ ለ500 ማካፈል ግን ይቻላል። የሥነ ፈለክ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በሁለቱ ዕሪናዎች መካከል መቶዎች ዓመታት ካሉ የአንድ ሰዓት ስሕተት ለመቶዎች ይካፈላል። አል-ባታኒ ራቃ በተባለችው የሶርያ ከተማ ሆኖ በመስከረም 19 ቀን 882 እ.ኤ.አ. ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን የዋለውን ዕሪና ወሰደ፤ በግሪክኛ የጻፈው የጥንት የሥነ ፈለክ ሊቅ ቶለሚ በእስክንድርያ በመስከረም 26 ቀን 139 እ.ኤ.አ. ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ዋለ ብሎ ከጻፈው ዕሪና ጋር አነጻጸረው። በመካከላቸው 743 ዓመት አለ። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ዓመት እርስዎ ያነበቡት ነው።

የአል-ባታኒን ዕሪና ዛሬ ባለን የፀሐይ ስሌት ስንመረምረው ስሕተቱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የቶለሚ ዕሪና ግን በ33 ሰዓት ገደማ የዘገየ ነው። 33 ሰዓት ለ743 ዓመት ሲካፈል በዓመት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይደርሳል፤ ማለትም በአል-ባታኒ ዓመት ላይ የምናየውን ጉድለት ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ትንሿ ትርፍ ደግሞ በዚያ ዘመን ከመስከረም ዕሪና እስከ መስከረም ዕሪና ያለው ዓመት ከአማካዩ በጥቂት ሰከንዶች ይረዝም ስለ ነበር የመጣች ናት። ስሕተቱ የራቃው ሰው አይደለም፤ ከ7 መቶ ዓመት በፊት ተጽፎ በእምነት የተቀበለው ነው።

ቶለሚ ከአንድ ቀን በላይ እንዴት ሊሳሳት ቻለ? ከእሱ በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ የነበረው ግሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሂፓርኮስ ዓመትን 365 ቀን ከሩብ ሲቀነስ የቀን 300ኛ እጅ አድርጎ ነበር፤ ይህም ከእውነተኛው በ6 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይረዝማል። ከሂፓርኮስ ዕሪናዎች ተነሥቶ በዚህ ረጅም ዓመት ወደ ፊት የሚቆጥር ሰው ከ285 ዓመት በኋላ በ30 ሰዓት ገደማ ይዘገያል፤ ቶለሚ «አየሁ» ያላቸው ዕሪናዎችም ከዚህ ስሌት ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማሉ። ሆን ብሎ ስሌቱን እንደ ምልከታ አቀረበው ወይስ ከብዙ ምልከታዎች መካከል ከሚያምንበት ጋር የሚስማማውን መረጠ የሚለው ክርክር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እስካሁን አልተዘጋም። ለእኛ ጥያቄ የሚበቃን ግን ውጤቱ ነው። አል-ባታኒ በቶለሚ ፋንታ ራሱን ሂፓርኮስን መነሻ ቢያደርግ፣ የሂፓርኮስ ዕሪና በ6 ሰዓት ተሳስቷል ብንል እንኳ፣ ከ1,000 ዓመት በላይ ስለሚካፈል ስሕተቱ ወደ 20 ሰከንድ ይወርድ ነበር። የተመረጠው ግን የቅርቡና የታመነው ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ያንኑ ይመስለኛል።

ይህ አንድ ስሕተት በዓመት ርዝመት ላይ ብቻ አልቆመም። ፀሐይ በወገብ ላይ የደረሰችበት ጊዜ በአንድ ቀን ከዘገየ በማንኛውም ቀን የፀሐይ ስፍራ በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የከዋክብት ስፍራ ደግሞ የሚለካው ከፀሐይ ስፍራ ተነሥቶ ስለሆነ የከዋክብቱም መዝገብ አብሮ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። የዕሪና ነጥቦች በከዋክብት መካከል ቀስ እያሉ እንደሚንሸራተቱ ሂፓርኮስ ደርሶበት ነበር፤ እውነተኛው ፍጥነት በ72 ዓመት 1 ዲግሪ ያህል ነው። በሂፓርኮስና በቶለሚ መካከል ባሉት 265 ዓመታት ከዋክብቱ 3 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሊሄዱ ሲገባ ቶለሚ 2 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሄዱ አለ፤ ስለዚህ በ100 ዓመት 1 ዲግሪ ብሎ ወሰነ። የጎደለችው 1 ዲግሪ ልክ ያችው ናት።

በባግዳድ ኸሊፋ አል-ማእሙን በ828 እና በ829 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ዓ.ም. ካልተባሉ እንዲሁ ናቸው) በሻማሲያ ሰፈር፣ ቀጥሎም በ831 እና በ832 በደማስቆ አጠገብ ባለው የቃሲዩን ተራራ ላይ ምልከታ ሲያስደርግ የዘመኑ ሰዎች የገጠማቸው ነገር ግልባጩ ነበር። የእነርሱ የከዋክብት ስፍራ በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ ያነጻጸሩት ግን 1 ዲግሪ ከጎደለው ከቶለሚ መዝገብ ጋር ስለ ነበር መንሸራተቱ ከእውነተኛው በላይ ፈጣን ሆኖ ታያቸው፤ በ66 ዓመት ከ8 ወር ገደማ 1 ዲግሪ አሉ። አል-ባታኒ 66 ዓመት አለ። አብዱራህማን አል-ሱፊ በ964 ባዘጋጀው የከዋክብት መጽሐፍ ለቶለሚ ቁጥሮች ሁሉ 12 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ እየደመረ የከዋክብቱን ስፍራ ወደ ዘመኑ አመጣ፤ የእያንዳንዱን ኮከብ ብሩህነት ግን በራሱ ዓይን እያየ አርሟል፤ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለችውንም ትንሽ ደመና የመሰለች ነገር መዝግቧል።

በ100 ዓመት አንድ ዲግሪ የሚለውና በ66 ዓመት አንድ ዲግሪ የሚለው ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው ምን ይላል? ሁለቱንም ካመነ ፍጥነቱ በዘመናት መካከል ተለውጧል ማለት ግድ ይሆንበታል። የዕሪና ነጥቦች ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ የሚለው ትምህርት ከጥንትም ይነገር የነበረ ቢሆንም በዚህ ምክንያት ጉልበት አገኘ፤ ከ9ኛው መቶ ዓመት የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ከሳቢት ኢብን ቁራ ስም ጋር ተያይዞ ወደ እንደሉስ (ወደ እስላማዊት እስፓንያ) እና ወደ ላቲን አውሮፓ ተሻገረ፤ ለመቶዎች ዓመታትም ብዙ ብልህ ሰዎችን ያደከመ የሒሳብ ሥርዐት ሆነ። በሰማይ ላይ እንዲህ ያለ መመላለስ የለም። የነበረው በአንድ መዝገብ ውስጥ የገባ የ1 ዲግሪ ጉድለት ነው። ካይሮ የነበረው ኢብን ዩኑስ በ1000 አካባቢ መንሸራተቱን በ70 ዓመት ከሩብ 1 ዲግሪ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የማራጋው ናሲር አል-ዲን አል-ጡሲም በ70 ዓመት 1 ዲግሪ ብለው ወደ እውነቱ ተጠጉ።

ስለ መሣሪያ የጠየቁትን ስመልስ በመሣሪያ ትልቅነት መታለል አይገባም ከማለት እጀምራለሁ። አል-ኹጃንዲ በ994 ዛሬ ቴህራን አጠገብ ባለችው ሬይ ከተማ 20 ሜትር ገደማ የክብ ስፋት ልክ፣ ማለትም ከመሐል እስከ ዳር ያለው ርቀት፣ የነበረውን የክብ ስድስተኛ ክፍል አሠራ፤ ብርሃን በጣራ ቀዳዳ ገብቶ በቅስቱ ላይ ያርፋል። በዚህ ስፋት 1 የዲግሪ ደቂቃ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ንባቡ ቀላል ነው። ያገኘው ዝንባሌ 23 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ነበር፤ በዚያ ዓመት እውነተኛው 23 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ያህል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አል-ባታኒ ከዚያ እጅግ ባነሰ መሣሪያ 23 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ብሎ ለዘመኑ ትክክለኛ የሆነውን ቁጥር አግኝቶ ነበር። ሌላው የሥነ ፈለክ ሊቅ አል-ቢሩኒ የአል-ኹጃንዲን ሥራ ሲመረምር ቀዳዳው ያለበት የሕንፃው ክፍል በሁለቱ መመለሻዎች መካከል መስመጡን ጽፏል። ትልቅ መሣሪያ ከባድ ነው፤ ከባድ ነገር ደግሞ ይሰምጣል፤ ንባቡ የቱን ያህል የጠራ ቢሆን የመሠረቱን መንቀሳቀስ አይናገርም። የሳማርካንድ ገዥ ኡሉግ ቤግ በ15ኛው መቶ ዓመት 40 ሜትር ገደማ የክብ ስፋት ልክ ያለውን መሣሪያ ሲያሠራ የቅስቱን የታችኛውን ክፍል በዐለት ውስጥ ማስቆፈሩ ለዚህ መልካም መልስ ነበር፤ የተገኘውም ዝንባሌ፣ 23 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ፣ ከእውነተኛው የሚለየው በግማሽ የዲግሪ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የቁፋሮው ክፍል ዛሬም ይታያል።

በነገራችን ላይ፣ እነዚህን የዝንባሌ ቁጥሮች በየዘመናቸው ቢደረድሩ እየቀነሱ ሲሄዱ ያያሉ፤ መቀነሱም እውነተኛ ነው፤ በ100 ዓመት ከ1 የዲግሪ ደቂቃ ትንሽ ያንሳል። ይሁን እንጂ ከቶለሚ 23 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ተነሥቶ ፍጥነቱን ያሰላ ሰው ሁሉ ተሳስቷል፤ ያ ቁጥር ለራሱ ለቶለሚ ዘመን በ10 የዲግሪ ደቂቃ የበዛ ነበርና።

ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት የመመለሻ ጉዳይ ደግሞ ፀሐይ ከምድር ከሁሉ የምትርቅበትን ነጥብ በመፈለግ ላይ ይታያል። ቶለሚ ይህን ነጥብ ያገኘው ከወቅቶች ርዝመት ነው፤ ከመጋቢት ዕሪና እስከ ሰኔ መመለሻ 94 ቀን ከግማሽ፣ ከዚያ እስከ መስከረም ዕሪና 92 ቀን ከግማሽ ብሎ፣ ነጥቡን ከመጋቢት ዕሪና ነጥብ ሲቆጠር በ65 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ላይ አስቀመጠውና አይንቀሳቀስም አለ። የመመለሻው ሰዓት ግን ለመያዝ የማይመች እንደ ሆነ አይተናል። በ9ኛው መቶ ዓመት ያሉት ሰዎች ብልሃት ፈለጉ፤ ወቅቱን ከመመለሻ ሳይሆን በዕሪናና በመመለሻ መካከል ካለው አጋማሽ ላይ መቁጠር ጀመሩ፤ በዚያ ቦታ የፀሐይ ከፍታ ገና በፍጥነት ይለወጣልና ሰዓቱ ይያዛል። ይህ ከትልልቅ ሕንፃዎች ሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ሥራ ነው። አል-ባታኒ ነጥቡን በ82 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ላይ አገኘው፤ ከእውነተኛው የሚርቀው በ1 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት በቶሌዶና በኮርዶባ ለ25 ዓመት ፀሐይን የተከታተለው አል-ዘርቃሊ ደግሞ ነጥቡ ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ከመንሸራተት በተጨማሪ የራሱ እንቅስቃሴ እንዳለው አሳየ፤ በ279 ዓመት 1 ዲግሪ ብሎ ለካው። የዛሬው መለኪያ በ310 ዓመት 1 ዲግሪ ያህል ይላል። ግሪኮች ያላወቁት፣ ከምልከታ ብቻ የተገኘ ነገር ነው፤ «የግሪክን ዕውቀት ጠብቀው አስተላለፉ እንጂ የጨመሩት የለም» ለሚሉ ይህ አንዱ ብቻ ይበቃል።

አል-ባታኒን «ዐረብ» ማለትዎንም ላስተካክለው። የጽሑፉ ቋንቋ ዐረብኛ ነው፤ ቤተ ሰቡ ግን ከዋክብትን ያከብሩ ከነበሩት ከሐራን ሳቢያኖች ወገን ነው፤ ሳቢትም የዚያው አገር ሰው ነበር። አል-ቢሩኒ የኽዋሬዝም፣ አል-ጡሲ የኢራን ሰው ነው። በዐረብኛና በፋርስኛ የተጻፈ፣ በእስላማዊ ግዛቶች የተሠራ ሥነ ፈለክ ማለት ይሻላል። ሥራው ሁልጊዜ ድጋፍ ያገኝ እንዳልነበረም ይወቁ፤ አል-ጡሲ በ1259 በማራጋ ሥራ ሲጀምር ሳተርን ዑደቷን የምትጨርስበትን 30 ዓመት ለምልከታ ጠየቀ፤ የሞንጎሉ ገዥ ሁላጉ ግን በ12 ዓመት ጨርስ አለው።

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ። የዓመትን ርዝመት በተማሪዎችዎ ሁለት ምልከታዎች ብቻ ለመለካት አይሞክሩ፤ በሰዓታት ትሳሳታላችሁ። የምመክርዎት አል-ባታኒ በቶለሚ ላይ ያደረገውን እናንተ በአል-ባታኒ ላይ እንድታደርጉ ነው። የእሱ ዕሪና የታመነ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዘመኑም ሩቅ ነው። ራቃና ደሴ ደግሞ በምሥራቅ 39ኛው ዲግሪ ላይ ከሞላ ጎደል በአንድ የቀትር መስመር ላይ ስለሚገኙ የሁለቱ ከተሞች የፀሐይ ሰዓት ልዩነት ከ3 ደቂቃ አይበልጥም፤ ማረሚያ አያስፈልጋችሁም። ለቀን ቆጠራውም የእኛ አቆጣጠር ይመቻል፤ አውሮፓውያን በ1582 የዘለሏቸው 10 ቀናት በእኛ ዘንድ ስለሌሉ ቆጠራው አይሰበርም። የአል-ባታኒ ዕሪና በእኛ ለመስከረም 22 ቀን 875 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

ስሌቱን ለማሳየት ዛሬ በትክክል የሚታወቀውን የመስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ዕሪና ልውሰድ፤ በደሴ የፀሐይ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ከመስከረም 22 ቀን 875 እስከ መስከረም 22 ቀን 2018 ድረስ 1,143 ዓመት አለ፤ ከእነዚህ ውስጥ 286ቱ ጳጉሜን 6 ቀን የሆነባቸው ስለሆኑ ቀኑ 417,481 ይሆናል። ዕሪናው ከዚያ 9 ቀን ከ4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቀድሞ ስለ ዋለ የሚቀረው 417,471 ቀን ከ19 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው። ለ1,143 ሲካፈል 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይወጣል። ከአማካዩ ዓመት ጋር እስከ ሰከንድ መግጠሙ በከፊል አጋጣሚ ነው፤ ከዕሪና እስከ ዕሪና ያለው ዓመት ከአማካዩ በሰከንዶች ከፍና ዝቅ ይላልና ተማሪዎች ሰከንዷን እንዳይመኩባት። ነገር ግን የእናንተ ምልከታ በ2 ሰዓት ቢሳሳት እንኳ ውጤቱ የሚዛባው በ6 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

ለምልከታው በዘንግ ጥላ አይጠቀሙ፤ የፀሐይ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ስለሆነ የጥላው ጫፍ የደበዘዘ ነው። ጣራው 4 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አዳራሽ ውስጥ ክብ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቆርቆሮ በአግድም አስሩ፤ ከቀዳዳው ወለሉ ድረስ ቱንቢ አውርዳችሁ ነጥቡን ምልክት አድርጉ፤ ወለሉን በውኃ ልክ ፈትሹ። የቀትርን መስመር በእጅ ሰዓት አታግኙ፤ ውጭ ዘንግ ተክላችሁ ዙሪያውን ክብ አስምሩና ጥላው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ክቡን የሚነካባቸውን ሁለት ነጥቦች መካከል ያዙ፤ የዐረብኛ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ዘዴ ነው። በዕሪና ሰሞን የፀሐይ ምስል በወለሉ ላይ በየቀኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የምስሉን መካከል በ1 ሚሊ ሜትር ከያዛችሁ ጊዜውን በ50 ደቂቃ ያህል ያዛችሁ ማለት ነው። ከመስከረም 8 እስከ 17 በየቀኑ ምልክት አድርጉ፤ ደመና ጥቂት ቀናት ቢወስድባችሁም ስሌቱ ይሠራል። ፀሐይን ግን በቀዳዳውም ሆነ በሌላ መንገድ በቀጥታ እንዳያዩ ተማሪዎቹን አጥብቀው ያስጠንቅቁ።

የሰማይን ወገብ ስፍራ ከካርታ ኬክሮስ አይውሰዱ። ከመጽሐፍ ብትወስዱት የቆርቆሮው መዛነፍ በሙሉ በዕሪናው ሰዓት ላይ ይወድቃል፤ በዚያው መሣሪያ ታኅሣሥ 12 እና ሰኔ 14 አካባቢ ከለካችሁት ግን መዛነፉ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚገባ ይጣፋል። ደሴ ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ ሰሜን ስለሆነች በሰኔ ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ምስሉም ከቱንቢው ነጥብ በስተ ደቡብ ያርፋል። በታኅሣሥ ከአናት 34 ዲግሪ ከግማሽ፣ በሰኔ 12 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱ ከአናት በተቃራኒ ጎን ስለሆኑ የሁለቱ ድምር ግማሽ ዝንባሌው፣ የልዩነታቸው ግማሽ የደሴ ኬክሮስ ነው። በአል-ባታኒ አገር ፀሐይ በታኅሣሥ ዝቅ ስለምትል አየሩ የፀሐይን ብርሃን ማጠፉ ንባቡን ከ1 የዲግሪ ደቂቃ በላይ ያዛባ ነበር፤ በእናንተ ከፍታና ኬክሮስ ግን ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥምና ሊተዉት ይችላሉ። የሰኔን ምልከታ በደመና ምክንያት እንዳታጡት ከሰኔ 11 ጀምራችሁ ምልክት አድርጉ፤ በእነዚያ ቀናት ከፍታው ብዙም ስለማይለወጥ አንድ የጠራ ቀትር ይበቃችኋል።

ሥራውን በታኅሣሥ ይጀምሩት፤ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ነውና የመሣሪያውን ጉድለት ለማየት ይመቻል። በመዝገቡ ላይም የተሰላውን ውጤት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ቀትር ጥሬ ንባብ፣ የቀዳዳውን ከፍታ፣ ቱንቢው ዳግመኛ የተፈተሸበትን ቀንና ነጥቡ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ አስጽፉ።